ቀባሪ በዛ፣ ጧሪ ጠፋ

 የዛሬው ጽሑፍ ለማንበብ ላይጥም ይችላል። ለመጻፍም አልጣመኝም፤ ጣቴን የምቀስርበት የመጀመሪያው ሰው እኔ ራሴ ነኝና።

አንድ እሑድ፣ እዚህ ጉለሌ በምንሰበሰብበት ጉባኤ ከስብከቱ በኋላ ማስታወቂያ ተነበበ። የአንድ ወንድማችን እናት በአገር ቤት ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ብዙዎቻችን የጋሞ ደጋ ልጆች ነን፤ የሸማኔ ልጆች፣ ራሳችንም ሸማኔዎች። ስለዚህ ሐዘኑ የሁላችን ሆነ። ከአዳራሹ ሳንወጣ ገንዘብ ተዋጣ፤ ሁለት መኪና ተከራየን። ሌሊት ተነሥተን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ወደ ቼንቻ ወጣን። ድንኳን ተተከለ፣ ወጥ ተሠራ፣ መዘምራን ዘመሩ። ቀብሩ አማረ፤ እኛም ፍቅራችንን የገለጽን መስሎን ልባችን ሞላ።

ከቀብር መልስ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ መኪኖቹን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያም ቀስ ብለው፣ “እኚህ ሴትዮ ይህን ያህል ሰው እንዳላቸው ዛሬ ገና አወቅን” አሉኝ።

በክፋት አልተናገሩትም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ሟቿ የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት ብቻቸውን ነበር። ውኃ የሚቀዳላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። እንሰት መፋቅ የጉልበት ሥራ ነው፤ የእሳቸው ጉልበት ስላለቀ ጓሯቸው እንሰት ሞልቶት እሳቸው ቆጮ ይቸገሩ ነበር። የቤታቸው ክዳን አርጅቶ ያፈስስ ነበር። ሁለት መኪና ሞልተን የመጣን እኛ፣ ለክዳኑ አንድ ሰው አልላክንም።

አማርኛችን ለልጅ የሚሰጠው የማዕረግ ስም አለ፤ “ጧሪ ቀባሪ” ይለዋል። ሁለት ቃል ነው፣ ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ ጧሪ፣ ቀጥሎ ቀባሪ። እኛ ግን ሁለተኛውን አጥብቀን ይዘን የመጀመሪያውን ጥለናል። ይህን ድካም ወይም ችላ ማለት ብዬ ላቀልለው አልፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስ በሚጠራበት ስም ልጥራው፤ ኃጢአት ነው።

ተዝካር ለሞተ ሰው አይረባም ብለን ስንሰብክ ኖረናል። ታዲያ የእኛን ድንኳንና የእኛን ኪራይ መኪና ምን እንበለው? ሟቿ አልበሉትም፣ አልሞቃቸውም፣ አላዩትም። ስሙን ለወጥን እንጂ ወጪውን አልለወጥንም። ለዚያ ለሁለት ቀን ያወጣነው ገንዘብ በሕይወት ሳሉ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢላክ ኖሮ፣ ክዳኑም ይታደስ ነበር፣ ጓሮውንም የሚሠራ ሰው ይገኝ ነበር።

እስቲ ጌታ ኢየሱስ ስለዚህ ነገር የተናገረውን እናስታውስ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ፈሪሳውያንን የገሠጸበት አንዱ ምክንያት “ቁርባን” የሚሉት ልማድ ነበር። አንድ ሰው ለአባቱና ለእናቱ መርጃ የሚሆነውን ገንዘብ “ይህ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው” ካለ፣ ወላጆቹን ከመጦር ነፃ ይወጣል ብለው ያስተምሩ ነበር። ጌታ ይህን መንፈሳዊነት ብሎ አላደነቀውም። በወግ አሳብባችሁ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሻራችሁ ነው ያላቸው (ማር. 7፥9-13)።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአዳራሽ ማሠሪያ ቃል መግቢያ ቀን ነበር። የተጋበዘው እንግዳ አገልጋይ፣ ለሰው ከመስጠትህ በፊት ለመሠዊያው ዝራ፤ የዘራኸው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል እያለ ሰበከ። እኔም 15,000 ብር ቃል ገባሁ። ስሜ ሲነበብ ጉባኤው “አሜን” አለ፤ ደስ አለኝ። በዚያው ወር ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት ደወለ። “የእማዬ ቤት ክዳን ክረምቱን አይዘልቅም፤ የምትችለውን ላክ” አለኝ። “እጄ ላይ ምንም የለም፤ እጸልያለሁ” አልኩት። ውሸት አልነበረም። እጄ ላይ የነበረው ቁርባን ሆኖ ነበር።

የዶርዜን ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የቀርከሃውን እግር ምስጥ እየበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል። እናቴም ከቤቷ ጋር አብራ እያጠረች ነበር። እኔ ደግሞ ጉለሌ ተቀምጬ ለአዳራሽ ብሎኬት እየቆጠርኩ ነበር።

እንዳትሳሳቱብኝ። ለጉባኤ መስጠት መልካም ነው፤ አዳራሽም ያስፈልገናል። ነገር ግን እግዚአብሔር የእናትህን ክዳን ነቅለህ ቤት እንድትሠራለት አይፈልግም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለራሱ ወገኖች፣ ይልቁንም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ፣ ካላመነም ሰው እንደ ከፋ ይናገራል (1ጢሞ. 5፥8)። ይህ ቃል የተጻፈው ለማያምኑት ሳይሆን ለእኛ ነው። በየአዳራሾቻችን ስለ አሥራትና ስለ ዘር በዓመት ስንት ጊዜ ተሰበከ? ስለዚህ ቁጥርስ? መጋቢዎቻችንን በትሕትና ልጠይቅ፤ ይህን ክፍል ከምስባኩ ላይ የሰማነው መቼ ነው?

“የእኔ ወላጆች ጌታን አልተቀበሉም” የሚል ወገን አለ። ከዚህም አልፎ፣ ባመንን ጊዜ ከቤት ያባረሩን፣ ከርስት የነቀሉን፣ በሰፈር ፊት የረገሙን ወላጆች አሉ። ቁስሉን አልክድም፤ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን አምስተኛው ትእዛዝ “አባትና እናትህ ካመኑ” የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም (ዘጸ. 20፥12)። በሽበታም ፊት ተነሥ የሚለው ሕግም ሽበታሙ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደ ሆነ አይጠይቅም (ዘሌ. 19፥32)። ጠላትን ውደዱ የተባልን ሰዎች እናትን ለመውደድ የምስክር ወረቀት እንጠይቃለን?

ይህን ስል አንድ የምናውቀውን እውነት ልንገራችሁ። በጋሞ ደጋ ማስቃላ፣ ማለትም መስቀል፣ ሸማኔው ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚገባበት በዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ይገባል። ሥጋና ቅቤ ይገዛል፤ ለእናቱ ያለብሳል፤ አጥር ያጥራል፣ ክዳን ይጠግናል፤ የተጣላም ይታረቃል። ወንጌልን ከተቀበልን በኋላ ብዙዎቻችን ከበዓሉ ጋር የተያያዙ፣ ከእምነታችን ጋር የማይሄዱ ሥርዓቶችን ተውን። ይህ የኅሊና ጉዳይ ነው፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን ሥርዓቱን ስንተው ጉዞውንም ተውን። ጉዞውን ስንተው ከደጅ ቆማ መንገድ መንገድ የምታየውን እናት ተውን። አሮጌውን ነቀልን፤ በምትኩ ምን ተከልን? ምንም። አንድ ዓመት እናቴ በስልክ ያለችኝ እስከ ዛሬ ይወጋኛል፤ “ልጄ፣ በዓሉን ተወው። እኔን ለማየትስ አትመጣም?”

ይህ የጋሞ ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጉለሌ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ናት። ከሰላሌ፣ ከመንዝ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ የመጣችሁ ሁሉ የየራሳችሁን ቤት ታውቁታላችሁ። በሬ መጥመድ ያልቻሉ አባት መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ የቀረበላቸውን ድርሻ ይዘው “ተመስገን” ይላሉ፤ ትንሽ ነው ብለው የሚከራከሩበት ጉልበት የላቸውም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከ100 ኢትዮጵያዊ 84 ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ወጣቱ ወደ ከተማ ይፈልሳል፤ አረጋዊው እዚያው ይቀራል።

“መንግሥት ይርዳቸው” የሚልም አለ። መልካም፤ እንየው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ላለው ሰው የማኅበረሰብ ሥራ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ነገር ግን የገጠሩ ፕሮግራም የተዘረጋው የምግብ ዋስትና ችግር ባለባቸው በተመረጡ ወረዳዎች ነው። ጡረታስ? ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህም የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚያገኘው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ፣ እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሸማ የሠራ ሸማኔ ደመወዝተኛ ስላልነበሩ ጡረታ የላቸውም። ትንሿ የአፍሪካ አገር ሌሶቶ 70 ዓመት ለሞላቸው፣ ደመወዝተኛ ላልነበሩትም ጭምር፣ ወርኃዊ ጡረታ መክፈል የጀመረችው በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኛም ይህን ብንጠይቅ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ድምፅዋን ብታሰማ መልካም ነው። ነገር ግን ያ ቀን እስኪመጣ እናትህ ምን ትብላ? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንኳ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። የምድር ሕግ ግዴታ ያለውን እኛ በፈቃድ የምናደርገው ውለታ አደረግነው።

“እኛም ድሆች ነን” የሚለው ሰው ግን ያሳዝነኛል፤ እውነት ይናገራልና። የቤት ኪራይ አለ፣ የድርና የማግ ዋጋ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ። ሸማ ለበዓል ሰሞን ይሸጣል፤ ከዚያ ገበያው ይተኛል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወደ ጉባኤያችን ይመጣሉ፤ ከእነሱ ምን ይጠየቃል? ለእናንተ የምለው ሌላ ነው። ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አየ። መጠኑን አልለካውም። ከትንሽ ላይ ትንሽ፣ ነገር ግን ሳይቋረጥ። አረጋዊ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከሚመጣ 5,000 ብር ይልቅ በየወሩ የሚመጣ 400 ብር ያሳርፈዋል፤ የሚቀጥለው ወር አያስፈራውምና። አራት ወንድማማች ቢስማሙ ሸክሙ ይቀላል። ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ። “የሚያደርስልኝ ሰው አጣሁ” የምንልበት ዘመን አልፏል። እናቲቱ ስልክ ባይኖራት የጎረቤት ወይም የአጥቢያው ሽማግሌ ስልክ አለ።

መቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ገንዘብ ሲያሰባስብ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ እያየን አልቅሰናል፤ ልከናልም። እግዚአብሔር ይባርከው፤ አሁንም እንላክ። ግን ልባችንን እንጠይቅ። የማላውቃቸው እናት እንባዬን ካፈሰሱት፣ ጡቷን ያጠባችኝ ለምን አላፈሰሰችውም? የሩቁን መርዳት ጭብጨባ አለው። የቅርቡን መጦር ግን ዝም ብሎ በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ማንም “አሜን” አይልበትም።

ልጅ የሌላቸውስ? ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ወይም ወደ ስደት ወጥተው የጠፉባቸው? በዚህ ጊዜ ጧሪዋ ቤተ ክርስቲያን ናት። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ያጋጠማት የመጀመሪያው የውስጥ ማጉረምረም ስለ መበለቶች የዕለት ምግብ ነበር። ሐዋርያት “ይህ ሥጋዊ ጉዳይ ነው” ብለው አላለፉትም፤ በመንፈስ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡለት አደረጉ (ሐዋ. 6፥1-6)። ጳውሎስም 60 ዓመት የሞላቸውን መበለቶች በመዝገብ እንዲጽፉ ለጢሞቴዎስ ነገረው (1ጢሞ. 5፥9)። በአገራችንም የጡረታ ዕድሜ ያው 60 ነው። የኤፌሶን ጉባኤ መዝገብ ነበረው። የእኛ ጉባኤ የአባላት መዝገብ አለው፣ የአሥራት መዝገብ አለው፣ የመዘምራን መዝገብ አለው። የመበለቶች መዝገባችን የት ነው?

ከእነዚህ አረጋውያን መካከል ወንጌልን ያመጡልን ይገኙበታል። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ አማኞቹ 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን 10,000 ገደማ ሆነው አገኟቸው። በዚያ የስደት ዘመን ምእመናኑ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ስንቅ ሲያደርሱ፣ ጠያቂ የሌላቸውን የማያምኑ እስረኞች ጭምር ይመግቡ እንደ ነበር ይተረካል። ሕዝቡ ያመነው ፍቅራቸውን አይቶ ነው። ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞ ተራሮች ወጡ። ከእነሱ በኋላ የተነሡት የገጠር ወንጌላውያንም በባዶ እግር፣ ብዙ ጊዜም ያለ ደመወዝ አገለገሉ። ዛሬ ያረጁት ጡረታ የላቸውም። እኛ የከተማ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ እየቀየርን፣ የዘሩልን አባቶች በገጠር ጨው ይቸገራሉ። ይህ ያሳፍራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀላል ነገሮችን ልበል። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ከወንድምና ከእኅቶችህ ጋር ተደዋወል፤ በወር ስንት እንደምትልኩና ማን እንደሚልክ ወስኑ። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በወላጆችህ ወረዳ ካለ፣ ዓመታዊ መዋጮውን ክፈልላቸው፤ መክፈል ለማይችሉ ደግሞ ወረዳው የሚሸፍንበት አሠራር አለና ስማቸው መመዝገቡን ቀበሌ አስጠይቅ። ሦስተኛ፣ አረጋዊ ሰው ከገንዘብ በላይ ጉልበት ያጥረዋል። እያንዳንዱ የከተማ ጉባኤ ከአንድ የገጠር አጥቢያ ጋር ይወዳጅ፤ እኛ ለክዳን የሚሆነውን እንላክ፣ የአጥቢያው ወጣቶች በደቦ ይሥሩት። አራተኛ፣ የሞተን የሚቀብር እድር አለን፤ በቁም ያለን የሚጦር እድር እናቋቁም። አምስተኛ፣ በዓሉን ካልፈለግነው ሌላ ቀን እንምረጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግን አገር ቤት እንግባ። ገንዘብ በስልክ ይሄዳል፤ የእናትን እጅ መሳም ግን በስልክ አይሆንም።

ጌታን ገና ያላወቅህ፣ ነገር ግን ይህን የምታነብ ወዳጄ ሆይ፣ ምናልባት “እነዚህ ጴንጤዎች ወላጆቻቸውን ይክዳሉ” ሲባል ሰምተህ ይሆናል። አንዳንዶቻችን ላይ እውነት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የጌታችን አይደለም። እሱን ተመልከት። በመስቀል ላይ ተቸንክሮ፣ የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ፣ እስትንፋስ እያጠረው ሳለ ከመስቀሉ ሥር የቆመችውን እናቱን አየ። ከዚያ የበለጠ “አገልግሎት” የያዘ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ሆኖም እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። አባቱን ታዞ እየሞተ እንኳ ለእናቱ ጧሪ ሳያዘጋጅላት አልሞተም። አንተንም የሚጠራህ ይህ ጌታ ነው፤ በእርጅናህም የማይጥልህ እሱ ነው።

የእኔ እናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና በሕይወት አለች። ክዳኑ ታድሷል፤ ዘግይቶ ቢሆንም። የእናንተስ?

አባት ሆይ፣ በስምህ አሳብበን የዘጋነውን እጃችንን ክፈት። የረሳናቸውን አስታውሰን፤ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ደጃፋቸው መልሰን። መቃብር ላይ ከማልቀሳችን በፊት ማጀታቸውን እንድናይ እርዳን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።